የፈትሁዲን ቀኝ እጅ

ፈትሁዲንን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቤቱን ከቤቴ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው እኔ ነኝ። ሥራው አሮጌ መኪና ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣል፣ ጥቂት ወር ራሱ ይነዳል፣ አጥቦ ይሸጣል። ሲሸጥ ብትሰሙት ልጁን የሚድር ነው የሚመስላችሁ።

"ጋሽ ዳኘ፣ ይቺ እኮ እናት ናት!" ይለኛል።

"ታዲያ እናትህን ምን አድርጋህ ነው የምትሸጣት?" እለዋለሁ። እንዲህ ነው ኑሯችን።

ገነቴ ደግሞ በወዲያኛው በኩል ያለችው ጎረቤቴ ናት። ቆጮና ቅቤ ከዱራሜ እያመጣች ሆሳዕና ገበያ ታከፋፍላለች። ቅቤዋ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ እየቀለጠ ሲያስቸግራት መንጃ ፈቃድ አወጣች። ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ልምምድ ስትወጣ ዶሮዎቼን አስገባ ነበር። ጆሃንስበርግ ያለው ወንድሟ ኤሊያስ ሰባት መቶ ሺህ ብር አበደራት፣ መቶ ሺህ ከዕቁብ ወሰደች፣ የፈትሁዲንን ነጭ ኮሮላ በስምንት መቶ ሺህ ገዛች። ዕቁቡን ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሷ ማን መሰላችሁ? ዶሮዎቹን የሚያስገባው ሰውዬ።

መኪናዋ ሜዳ ላይ እንደ ውሃ ትፈሳለች። ከዱራሜ ሲመለሱ ወደ አንጋጫ የሚያወጣው ዳገት ላይ ግን ሞተሯ ይግልና ቀጥ ትላለች። ገነቴን እንዲህ ደጋግማ አቆመቻት፤ በመጨረሻ በአይሱዙ ተጎትታ ገባች። ገነቴም ቁልፉን ይዛ ፈትሁዲን በር ላይ ቆመች።

ፈትሁዲን ክፉ ሰው አይደለም። መኪናውን ተቀበለ። ሰባት መቶ ሺውን መለሰ፣ መቶ ሺውን ግን አስቀረ።

"እኔ ጋ እያለች አንድ ቀን ቆማ አታውቅም" አለ። "ሞተሩን ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ። ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እየወጣሽ! መቶ ሺው ለጥገናው ነው።"

"በሁለተኛ ነው የምወጣው። በሽተኛ ነው የሸጥክልኝ።"

"መኪናዋ ጤነኛ ናት። ሾፌሯን ነው ማስመርመር።"

ይቺ ቃል ከእኛ ሰፈር ተነስታ መናኸሪያ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። ገነቴ ገበያ ስትገባ ወያላዎቹ በአፋቸው የሞተር ድምፅ እያሰሙ ይስቁ ጀመር።

የኤሊያስ ብር ወዲያው ለኤሊያስ ተመለሰ። የቀረው መቶ ሺህ ነው መነገጃዋ። እሱ ከሌለ ቅቤ የለም፤ ቅቤ ከሌለ የዕቁብ መክፈያ የለም፤ የዕቁብ መክፈያ ከሌለ ደግሞ የዕቁቡ ዳኛ የሚያንኳኳው የዋሱን፣ የእኔን በር ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ለመጥራት የሮጥኩት ለሰላም ብቻ ብዬ አይደለም።

ሐጂ ነስሩ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር ተቀመጥን። ሐጂ የፈትሁዲን ዘመድ ናቸው፤ ከገነቴ ወገን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ አቶ ማቴዎስ መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ዛሬም ሰው ሲናገር እርማት ሊሰጡ የተዘጋጁ ይመስላሉ።

ፈትሁዲን ብዙ ሳይነጋገር ተነሳ። "ቁርአን ይምጣልኝ። ቀኝ እጄን ጭኜ እምላለሁ። ይቺ መኪና እኔ ዘንድ እያለች ዳገት ላይ ችግር አልነበረባትም።"

ፊቱን አየሁት። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። በልቤ፣ ገነቴ ተበላሽ፣ እኔም አብሬሽ፣ አልኩ።

ገነቴ "እኛ ቤት መሐላ የለም" አለች። "ቆማለች ካልኩ ቆማለች።"

ሐጂ ነስሩ መቁጠሪያቸውን እያሻሹ ተናገሩ። "ልጄ፣ ለመቶ ሺህ ብር ቁርአን አይነሳም። መኪናዋ ገና መካኒክ ሳይነካት ደጅ ቆማ የለም እንዴ? እሷን እንጠይቃት።"

ተስማማን። ዱራሜ ደርሰን እንመለሳለን። ዳገቱን በሰላም ከወጣች መቶ ሺው የፈትሁዲን ነው፤ ከቆመች የገነቴ።

"እኔ ልንዳ" አለች ገነቴ።

"እሷ ከነዳች አውቃ ታቆማታለች!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ፈትሁዲን ይንዳ አሉ። ገነቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን እሺ አለች።

አቶ ማቴዎስ ከፊት ተቀመጡ። ሐጂ፣ ገነቴና እኔ ከኋላ ተጣበቅን። ፈትሁዲን መንገዱን ሙሉ ሲያወራ፣ ሲዘፍን፣ መኪናዋን ሲያሞግስ ነበር። ዱራሜ ሻይ ጋበዘን። ከአምበሪቾ ተራራ ላይ ደመናው ተገፎ ጫፉ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ ፀሐዩ ግን አናት ይበሳል።

ስንመለስ ዳገቱ ጀመረ። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ከላይ መታጠፊያው ጋ አንድ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ አለ።

"እዚያ ጉቶ ጋ ነው ሁልጊዜ የምትቆመው" አለችኝ ገነቴ በሹክሹክታ።

መኪናዋ አላቃሰተችም። ጉቶው ቀረበ። ገነቴ እጄን ያዘችኝ። ጉቶውን አለፍነው! ዕቁቡ፣ ቅቤው፣ ዋስትናዬ፣ ሁሉም በመስኮት ሲበር ታየኝ። ፈትሁዲን በመስታወቱ ውስጥ ጥርሱን አሳየን።

ይሄኔ አቶ ማቴዎስ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። "ምንድን ነው ይሄ? እግሬን እኮ ጠበስከኝ! በዚህ ፀሐይ ማሞቂያ ይከፈታል?"

"የምን ማሞቂያ?" አለ ፈትሁዲን እየሳቀ።

ወደ ታች አየ። ቀኝ እጁ ማሞቂያው ማዞሪያ ላይ ነበር። እስከ መጨረሻው ከፍቶታል።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ በመስታወቱ አየሁት። ዳገቱ አለቀ፣ ሜዳው ላይ ወጣን፣ ሐጂ "አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ" አሉ። በስምምነታችን መሠረት ነገሩ እዚያው ላይ ተዘጋ። ከእኛ ከአራታችን መካከል ማሞቂያ ከዳገት ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ፈትሁዲን መኪናዋን ዳር አስያዘ። ከዚያ አዞራት፤ ወደ ዱራሜ።

"ምን ረስተህ ነው?" አልኩት።

"ትንሽ ታገሱኝ፣ ጋሽ ዳኘ።"

ቁልቁለቱን ወረድን። ታች ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ እንዲበርድ ጠበቀ። ከዚያ አስነሳ፣ ቀኝ እጁን አነሳና ማሞቂያውን ቀጭ አድርጎ ዘጋው። እጁን ከጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠበት፤ ማርሽ ሲቀይር ብቻ ያወጣዋል፣ መልሶ ይቀመጥበታል። በግራው ብቻ መሪውን ይዞ ዳገቱን እንደገና ተያያዘው።

እስቲ ይህን ሰው አስቡት። አሸንፏል። የጠየቀው የለም፣ የጠረጠረው የለም። መቶ ሺህ ብሩን ፍለጋ ሳይሆን ሊጥለው ነው ዳገት የሚወጣው። የሙቀቱ መርፌ እያየነው ተነሳ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። መኪናዋ አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ጉቶው ጋ ስትደርስ ከነ እንፋሎቷ ቆመች።

የእንሰቱ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

"አላውቅም ነበር" አለ ፈትሁዲን ፊቱን ሳያዞር። "ሐጂ፣ እጄ ነው እንጂ የሚያውቀው፣ እኔ አላውቅም ነበር። ከአዲስ አበባ ሳመጣት መንገድ ላይ አንዴ ጋለችብኝ፤ ማሞቂያውን ከፍቼ አለፍኩና ረሳሁት። ማሞቂያ ሲከፈት የሞተሩ ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሞተሩ ይተነፍሳል። ከዚያ ወዲህ ዳገት ባየሁ ቁጥር እጄ ራሱ ይሄዳል ማለት ነው። እሷ ደግሞ ይሄን በምን ታውቃለች? ማን ነገራት?"

እጁን አወጣና መዳፉን ገልብጦ አየው።

"በዚህ እጅ ነው ልምል የነበረው።"

ሐጂ ነስሩ ቆባቸውን አወለቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳውቃቸው ከሰው ፊት ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም። አቶ ማቴዎስ በሀዲይኛ የሆነ ነገር አጉተመተሙ፤ ጸሎት ይመስለኛል። ከጎረቤቴ ጋር ሳይሆን ከማላውቀው ትልቅ ሰው ጋር የተሳፈርኩ መሰለኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት በአጥሩ ላይ ስቀልድበት የኖርኩት ይሄ ሰው የት ነበር?

ገነቴ ከኋላ ወደ ፈትሁዲን ወንበር ተጠጋች።

"ማርሼስ?"

"ማርሽሽ ልክ ነበር።"

"ሾፌሯስ?"

"ሾፌሯ ጤነኛ ናት።"

"ጮክ በል። ጋሽ ዳኘ አልሰሙም።"

"ሾፌሯ ጤነኛ ናት!" ብሎ ጮኸ፤ ከእንሰቱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ብቅ ብላ አየችን። ያቺው ሴትዮ በጄሪካን ውሃ አመጣችልን።

ሞተሩ እስኪበርድ ፈትሁዲን ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ከመኪናዋ ወረደ። ጉቶው ላይ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ትንሽ ቆይቶ የገነቴ ስልክ ጢጥ አለ። አንዴ አየችውና ለእኔ አሳየችኝ፦ መቶ ሺው፣ ሳይጎድል። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሲመለስ ወደ ሾፌሩ በር አልሄደም። ቁልፉን ለገነቴ ሰጣትና ከኋላ፣ በሐጂና በእኔ መካከል ተሸጎጠ።

ገነቴ መሪውን ያዘች። ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። እጇን ልካ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ጉቶውን አለፍነው። ላቡ ከግንባራችን ይንጠባጠባል፣ የአቶ ማቴዎስ ጉልበት ይጠበሳል። እሳቸውም ሆኑ ሌላ ሰው፣ ሆሳዕና እስክንገባ፣ ይዘጋ አላለም።