የዘቢብ ዳቦ

ኖርማ የቁርስ ስኒዋን አጥባ እንዲንጠፈጠፍ ደፋችው። ድመቷን ወደ ጓሮ አስወጣች፤ ካፖርቷን ለበሰች፤ በመስታወቱ ፊት ቆም ብላ ፀጉሯን በመዳፏ አስተካከለችና ከመግቢያው በር አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች። ውጭ ያዘንባል። ከጓደኛዋ ከአሱምፕታ ጋር ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ቀን ሁሉ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ከዚያ የመኪና ጡሩምባ ሁለት ጊዜ፣ ረዘም ተደርጎ ይነፋል፤ ከፊት ለፊት ያለው ጎረቤት መጋረጃውን ገልጦ ይቆጣል፤ እሷም ትነሳለች።

ዛሬ ጡሩምባው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቁጥብነት ተነፋ። ጎረቤቱም መጋረጃውን አልገለጠም።

መኪናዋ ያችው አሮጌዋ ቀይ መኪና ናት። መሪውን የያዘችው ግን የአሱምፕታ ልጅ ኦርላ ነበረች። አሱምፕታ ባለፈው ወር በልብ ሕመም ሞታለች። አስከሬኗ እንደ ቤተሰቡ ልማድ ሳሎን ውስጥ አርፎ ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ ኖርማ ወጥ ቤቱን ይዛ ሳንድዊች ስትቆርጥ፣ ሻይ ስትቀዳ ነበር የሰነበተችው። በቀብሩ ዕለትም ዕድሜዋን ሙሉ ደጃፉን ረግጣው በማታውቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣለች።

"አክስቴ፣ ዘገየሁብሽ?" አለች ኦርላ በሩን ከውስጥ እየከፈተችላት።

"ከእናትሽ ጋር ሲተያይ ጎህ ሳይቀድ ነው የደረስሽው።"

ኦርላ ሳቀች። ማርሹ እምቢ ብሎ ተንጫጫ። "ይህን መኪና እማዬ እንዴት ነበር የምትነዳው? በናትሽ ንገሪኝ።"

"አትነዳውም ነበር። ትለምነው ነበር።"

የኖርማ እጅ ሳታስበው በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ወዳለው ክፍተት ሄደ። አሱምፕታ ቅቤ የቀባችውን የዘቢብ ዳቦ በፎይል ጠቅልላ የምታስቀምጥላት እዚያ ነበር። "ብዪ እንጂ፣ አንቺ የንግሥቲቱ ዘመድ፤ ባዶ ሆድሽን ልጆች ፊት ቆመሽ እንዳትወድቂብኝ" ትላት ነበር፣ በፕሮቴስታንትነቷ እየቀለደች። ኖርማም፣ "ፎይሉን በጸበል ረጭተሽዋል ወይ?" ብላ ትበላለች። አንድ ቀን ለምን ሁልጊዜ የዘቢብ እንደሚሆን ጠይቃት ነበር። "ርካሽ ስለሆነ" አለቻት አሱምፕታ፣ ከመንገዱ ዓይኗን ሳትነቅል።

ክፍተቱ ውስጥ የኦርላ የሆስፒታል መታወቂያ ብቻ ነበር። ኖርማ እጇን መለሰች።

የፕሮቴስታንቶቹንና የካቶሊኮቹን ሰፈር የሚለየው ግንብ ጋ ደረሱ። ማታ የሚዘጋው የብረት በሩ ቀን ቀን ክፍት ነው። ኦርላ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ ሳትገባበት በአጠገቡ አለፈች።

"እንግዲህ ምን ልታደርጊ ነው?" አለች።

"ለልጆቹ የአጎትሽን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ።"

"የቪክተርስ?"

ኖርማ መስኮቱን ጠረገች።

ሁለቱ ሴቶች ለሃያ ዓመታት ያህል በየትምህርት ቤቱ ሲዞሩ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ አንዳቸውም የየራሳቸውን ሟች ታሪክ አይናገሩም። በወጣትነቱ የተገደለውን የአሱምፕታን ወንድም የካሃልን ታሪክ የምትናገረው ኖርማ ናት፤ ፕሮቴስታንቷ። እንዲሁ የተገደለውን የኖርማን ባል የቪክተርን ደግሞ የምትናገረው ካቶሊኳ አሱምፕታ። "የራሴን ሐዘን ብነግራቸው ያዝኑልኛል፣ ያው ነው" ትል ነበር አሱምፕታ። "የጠላቴን ሐዘን ብነግራቸው ግን ግራ ይጋባሉ። ልጅ የሚማረው ግራ ሲጋባ ነው።"

አሱምፕታ ስለ ቪክተር መናገር ስትጀምር ኖርማ ከወንበሯ ትነሳለች። "ውሃ ልጣድ" ትልና ወደ መምህራን ማረፊያ ትወጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው መቀመጥ ስላልቻለች ነበር፤ ኋላ ልማድ ሆነ። ሻይ ይዛ ስትመለስ አሱምፕታ ጨርሳ ትጠብቃታለች።

"ዛሬም አመለጠሽ" ትላታለች።

"የምን ማምለጥ ነው? ያገባሁት እኮ እኔ ነኝ።"

አንድ ጊዜ አሱምፕታ መኪና ውስጥ፣ "ስለ ቪክተር አንድ ነገር ልንገርሽ" ብላ ጀምራ ነበር። ኖርማ፣ "እዚህ ውስጥ ስለ ቪክተር አናወራም" አለቻት። አሱምፕታም፣ "እሺ። ክፍል ውስጥ አለልሽ፤ ስትፈልጊ ትቀመጫለሽ" አለች። ከዚያ በኋላ አንስታው አታውቅም።

"መምህሩ የዛሬውን ንግግር እንሰርዘው ብሎሽ ነበር እኮ" አለች ኦርላ።

"ሊያዩን ከቆጵሮስ ድረስ የመጡ ሴቶች አሉ። የጠራቻቸው እናትሽ ናት።"

"አውቃለሁ። ግን አክስቴ፣ የካሃልን ብቻ ነግረሽ ብትወጪ ግማሹ ክፍል፣ የእናንተ ወገን፣ ገዳዮች እኛ ብቻ ነን ብሎ ነው የሚሄደው። የእኛ ወገን ደግሞ ደስ ብሎት።"

"አውቃለሁ" አለች ኖርማ።

"ታዲያ የቪክተርን ራስሽ ንገሪያቸዋ።"

"አልችልም፣ ኦርላ።" ድምጿ አልተለወጠም።

ክፍሉ ውስጥ የሁለት ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ሰማያዊ ሹራብ የለበሱት የግቢው ልጆች፣ ፕሮቴስታንቶቹ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከግንቡ ማዶ በአውቶቡስ የመጡት ባለ አረንጓዴዎቹ ካቶሊኮች በግድግዳው በኩል ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ማንም ሳይዘው የተተወ ባዶ ረድፍ አለ። ከኋላ ከቆጵሮስ የመጡት ሁለቱ ሴቶች አሉ፤ አንድሩላ የምትባለው ግሪክና ኤሚኔ የምትባለው ቱርክ። እነሱም እንዲሁ ሁለት ሆነው፣ በእነሱ ከተማ ባሉ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ለመጀመር አስበዋል። ፊት ለፊት፣ መምህር ስቱዋርት ሁለት ወንበሮችን አስቀምጧል። የለመደው ነገር ነው። አንዱን ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ ኖርማ፣ "ተወው" አለችው።

ቆማ ስለ ካሃል ተናገረች። ፀጉር አስተካካይ ጋ ተቀጥሮ ሙያውን ይማር እንደነበረ፤ የእህቱን የአሱምፕታን ፀጉር ለመለማመጃ ቆርጦ አበላሽቶት ለትንሣኤ በዓል ሻሽ አስሮ እንዳስወጣት። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ እንደጠበቁት ነገረቻቸው።

"የጠበቁት የእኔ ሰፈር ልጆች ናቸው" አለች። "አንደኛው በሠርጌ ዕለት ጨፍሯል። እናቱ እስከ ዛሬ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም እላታለሁ።"

ከመስኮቱ በኩል ያለ አንድ ቀይ ፀጉር ልጅ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"ሁልጊዜ እኛ ነን ጥፋተኞቹ" አለ። "የእኛ ሰው አልሞተም እንዴ?"

"ስለሆናችሁ ነዋ!" አለ ከአረንጓዴዎቹ አንዱ።

"አንተ ደግሞ ማን ጠየቀህ?"

"ዝም በሉ!" አለ መምህር ስቱዋርት። ዝም አሉ፤ ዓይኖቻቸው ግን ዝም አላሉም። ከኋላ ኤሚኔ ወደ አንድሩላ ዘንበል ብላ የሆነ ነገር አለቻት።

ኖርማ የወንበሩን ጀርባ ያዘች። "ባለቤቴ" አለች። "ባለቤቴ ቪክተር ይባል ነበር።"

ከዚያ በላይ አልወጣላትም። እግሯ በሩን ፈለገ። መተላለፊያውን፣ ማረፊያ ክፍሉን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን የሻይ ቅጠል ታውቀዋለች።

ኦርላ በሩ ላይ ቆማለች። መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብላ ነበር፤ ዝናቡ ይሁን ሌላ ነገር አስገብቷታል።

"ኦርላ" አለች ኖርማ። "እናትሽ የምትለውን ታውቂዋለሽ?"

"የቪክተርን?"

"አዎ።"

"እኔ ያላወቅኩት ማን ያውቀዋል? ሳህን እያጠበች ትለማመደው ነበር። ሳህኖቹ ሳይቀሩ ያውቁታል።"

ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ልጆች ሳቁ።

"እንግዲያው ነይ።"

ኦርላ እርጥብ ካፖርቷን ሳታወልቅ መሀል ለመሀል አልፋ መጣች። የእናቷ ወንበር ጋ ስትደርስ አልተቀመጠችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አንቺ ውሃውን ልትጥጂ ትወጫለሽ አይደል?" አለቻት።

ኖርማ በሩን አየች። ከዚያ ካፖርቷን ከስሯ አስተካክላ ተቀመጠች።

"ውሃው ይቆይ" አለች።

ኦርላ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የምነግራችሁ እናቴ እንደምትናገረው ነው" ብላ ጀመረች። "እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው፦

"ቪክተር የዳቦ መኪና ነጂ ነበር። በዚያን ጊዜ ከማዶ ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ዳቦ ነውና ይመጣል። መምጣቱን የምናውቀው በፉጨቱ ነው። የሚያፏጨው የፕሮቴስታንት ማኅበራቸውን የሰልፍ ዜማ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ያንን ዜማ ያፏጨ ሌላ ሰው ጥርሱ አይተርፍም ነበር። እኛ ግን፣ ተዉት፣ ዳቦው ትኩስ ነው እንላለን።"

አንድ አረንጓዴ የለበሰች ልጅ አፏን በእጇ ሸፈነች። ኖርማ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ ታያለች። ያን ፉጨት እቤታቸው ደረጃ ሥር ሆኖ ሲያፏጨው ሰምታዋለች። ግንቡን ተሻግሮም ያፏጭ እንደነበር አታውቅም። እሷ እኮ፣ ማዶ ስትሆን አፍህን ዝጋ ብላው ነበር።

"አንድ ሐሙስ ቀን" ቀጠለች ኦርላ፣ "እኔ፣ ማለት እናቴ፣ የዘቢብ ዳቦ ልገዛ ሱቁ ጋ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ አንድ ብቻ ቀርታለች፤ ከሾፌሩ መቀመጫ አጠገብ፣ በወረቀት ተጠቅልላ። እሷን ስጠኝ አልኩት። አይሸጥም አለ። እጥፍ እከፍልሃለሁ አልኩት። 'አንቺ ልጅ፣ መኪናውን ከነጎማው ውሰጂው፤ ይቺ ግን የኖርማ ናት። ሐሙስ ሐሙስ የዘቢብ ሳልይዝ ከገባሁ ደጅ ነው የማድረው' አለኝ። ሳቀ። ቂመኛ ሚስት ነው ያለህ አልኩት። 'አታውቂያትም፤ ብታውቂያት ትወጃት ነበር' አለኝና ሄደ።

"ወደ ግንቡ በር ሳይደርስ አስቆሙት። ያስቆሙት የእኛ ሰፈር ልጆች ናቸው። አንደኛው ከእኔ ጋር ነው የመጀመሪያ ቁርባን የተቀበለው። ኖርማን ያገኘኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እውነቱን ነበር።"

ኦርላ ሳህን የምታጥብ ይመስል እጆቿን ካፖርቷ ላይ ጠረገች።

ቪክተር በሞተ ማግሥት አንድ ፖሊስ ቆቡን፣ ቁልፎቹንና በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ዳቦ አምጥቶ ለኖርማ ሰጥቷት ነበር። የሞተው ሐሙስ መሆኑ በዚያ ሁሉ መካከል ጠፍቶባት፣ ሳይሸጥ የቀረ ነው ብላ ነበር ያሰበችው። ወረቀቱን እንኳ ሳትፈታ ለጎረቤት ሰጠችው። ዳቦው እቤት ውስጥ እንዲያድር አልፈለገችም።

አፏን የሸፈነችው ልጅ እጇን አወጣች። "ይቅርታ፣ ወይዘሮ ኖርማ። ዳቦው ደረሰዎት?"

መምህር ስቱዋርት ሊያስቆማት ወደ ፊት ራመድ አለ። ኖርማ ግን መለሰችላት።

"ደረሰኝ።"

"በሉት?"

"አልበላሁትም። የኔ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።"

ከስሙ ሌላ ስለ ቪክተር በዚያ ክፍል ውስጥ ከራሷ አፍ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ቀይ ፀጉሩ ልጅ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ባለ አረንጓዴውን አላየውም፤ አልሰደበውምም።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ሁለቱ የቆጵሮስ ሴቶች መጡ። ኤሚኔ የኖርማን እጅ ይዛ ቆየች። አንድሩላ ደግሞ እንዳታስቀይም እየተጠነቀቀች ጠየቀች።

"አሱምፕታ በስልክ ስታስረዳን፣ ባለ ታሪኳ ከፈለገች ትወጣለች ብላን ነበር። ዛሬ ግን እርስዎ ተቀመጡ። እኛስ እንዴት እናድርግ? ትውጣ ወይስ ትቀመጥ?"

ኖርማ የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈች።

"ትቀመጥ" አለች። "ውሃውን ሌላ ሰው ይጣደው።"

ወደ መኪናው ተመለሱ። ዝናቡ ቀንሷል። ኦርላ ማርሹን ስትታገል ኖርማ፣ "ለምኚው አልኩሽ እኮ" አለቻት።

"እባክህን ጌታዬ" አለች ኦርላ ለማርሹ። ገባ። "በይ አሁን፣ በሚቀጥለው ወር የማዶው ትምህርት ቤት አለብን አይደል? ፈረቃዬን ልቀይር?"

"ቀይሪ።"

"እሺ።" ኦርላ መሪውን አዞረች። "እማዬ የዘቢብ ዳቦ አትወድም ነበር፣ ታውቂያለሽ? ዘቢቡን ለቅማ ነበር የምታወጣው። ለአንቺ ብቻ ነበር የምትገዛው።"

"ርካሽ ስለሆነ ነው" አለች ኖርማ።

ኦርላ ዞር ብላ አየቻት። በብረት በሩ አጠገብ አለፉ። ኖርማ በመቀመጫዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ላይ እጇን አሳርፋ እዚያው ተወችው።

ዛሬ አላመለጣትም። "ዛሬም አመለጠሽ" ትላት የነበረችው አሱምፕታ ግን ይህን ልትሰማ የለችም።