ለመውጣት ሰላሳ ሰከንድ

በያጁ አባቷ መኪናዋን ሠርቶ ለመጨረስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። እናቷ «ጣውንቴ» ነው የምትላት፤ አልተሳሳተችም፣ ሰውየው ሥራ ውሎ ሲመጣ መጀመሪያ ጎራ የሚለው እዚያችው ዘንድ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫዋ የሾለ መኪና ናት፤ በቀጥታ ከመክነፍ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም፣ መታጠፍ እንኳ አይሆንላትም። አሁን እሱ ራሱ እየነዳት ባሕር ማዶ ልትወዳደር ነው። የሚወስዳት ኮንቴይነር ሐሙስ ጠዋት ይመጣል።

የቀረው አንድ ወረቀት ነበር። በውድድሩ ደንብ መሠረት ነጂው ታጥቆ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ ከተቀመጠበት ያለማንም እርዳታ በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ መውጣት አለበት። እሳት ቢነሳ ውድድሩ በሚካሄድበት ባዶ ሜዳ ላይ ማን ይደርስለታል? ይህን ሰዓት ይዞ ያየ ሰው ይፈርማል። ሰዓት ያዧ ደግሞ ልጁ ናት፣ የስፖርት አስተማሪዋ፤ ተማሪ እግሯ ላይ ወድቆ ቢለምናት አንዲት ሰከንድ አትቀንስም።

ለአባቷ ግን ቀነሰች። ስድስት ሳምንት ሆናት። ግራ እጁ መደንዘዝ ከጀመረ ወዲህ የቀበቶውን ዘለበት መፍታት እያቃተው፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ላብ አጥምቆት በአርባ አራት ሰከንድ ወጣ። «ስንት?» አላት እያለከለከ። ዓይኑን አየችና አንጀቷ አልቻለም።

«ሃያ ዘጠኝ» አለችው።

ሰውየው በዚያ ዕድሜው ጨፈረ! ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ቀነሰችለት፤ አርባ ስድስቱን ሃያ ስምንት፣ ሃምሳውን ሃያ ሰባት። እጁ እየባሰበት፣ በእሷ አፍ ግን እየተሻለው ሄደ። ይሄን ነው እንግዲህ ደግነት ብላ የያዘችው።

ረቡዕ ከሰዓት አባቷ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አስቀምጦ ገባ።

«በይ የኔ ልጅ፣ የመጨረሻዋን ያዢልኝ።»

ያዘች። ጣቶቹ ዘለበቱን ሲያጡት ሰማች። ሰላሳ አለፈ፣ አርባም አለፈ። ያ የሌለው እሳት ፊቷ ድቅን አለባት፤ አባቷ በውስጡ፣ እሷ እዚህ አገር ቤት። ስልሳ ላይ ሰዓቱን አቆመችው።

«ይብቃህ አባዬ።»

«ቆይ እንጂ፣ ወጣሁ እኮ! ስንት ነው?»

«ስልሳ። ድሮም በሰላሳ ወጥተህ አታውቅም። እኔ ነኝ የዋሸሁህ።»

ቢጮህባት በተሻላት ነበር። አልጮኸም። ሄልሜቱን በቀኝ እጁ አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ሁሉንም ቅዳሜ?»

«ሁሉንም። ደስ ሲልህ ጊዜ... መመለስ አቃተኝ።»

«እኔ እኮ ሐኪም ቤቱን ትቼው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሐኪሙ ሳታቋርጥ ና ብሎኝ ነበር፤ ነገ ዛሬ ሳትል። ሃያ ዘጠኝ ስትዪኝ ግን እጄ የዳነ መሰለኝ።»

ወረቀቱ አልታያትም፣ መኪናዋም አልታየቻትም፤ ስድስቱን ሳምንት ብቻ ነበር የምታስበው።

አባቷ ቀኝ እጁን ዘረጋላት። ከዚያች መኪና ሲወጣ የማንንም እጅ ይዞ አያውቅም ነበር።

«በይ አውጪኝ» አላት። «ከዚያ ለኮንቴይነሩ ሹፌር ደውዪለት፣ ነገ አይምጣ።»

ጎትታ አወጣችው። ስልኳንም አነሳች፤ እንባዋን ማቆም ስላልቻለች ግን ለሹፌሩ የደወለው እሱ ራሱ ነው።