ስም አዘበራራቂው

"ቀላል ነገር ናት" አለችኝ ሰላማዊት። ለእሷ ምን አለባት!

መሥሪያ ቤታችን ጀጎል ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ባሎቻቸው የሚበድሏቸውን ሴቶች የሚያማክር ትንሽ ድርጅት ነው። ሰላማዊት ኃላፊያችን ናት፤ ሴቶቹን ታነጋግራለች፣ የሚሏትንም ትጽፋለች። እኔ ኮምፒውተሮቹን እጠብቃለሁ። ፕሪንተር ወረቀት ሲበላም፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚጠራው ዐድናን ነው። አሁን ደግሞ የሴቶቹ ቃል ታትሞ በከተማው ሴቶች ስብሰባ ላይ ሊታደል ስለሆነ፣ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ የሚያዘበራርቅ ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕት፣ ሥራልን ተባልኩ።

"ስሙ ከጠፋ ማንም ማንንም አያውቅም" አለች። "አንተም ብትሆን።"

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ ጀመርኩ። ሐሳቡ እውነትም ቀላል ነው፤ ስም ትሰጠዋለህ፣ ፊደሎቹን በታትኖ ይመልስልሃል። በእንግሊዝኛ ወዲያው ሠራ። አማርኛ ስሰጠው ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ተፋብኝ። አንዱ የእኛ ፊደል ለኮምፒውተሩ ሦስት ቁራጭ ነው፤ ትእዛዙ ቁራጮቹን እየነጠለ ሲበትናቸው ፊደል የሚባል ነገር አይተርፍም። ያንን አስተካክዬ እፎይ ሳልል "ሐዋ" የሚለውን ስም ሰጠሁት፤ በየታሪኩ ውስጥ ያለውን "ሐዋላ" ሁሉ "ዋሐላ" አድርጎት አረፈ። ሴቶቹ ሁሉ ከጂዳ ዋሐላ ሲላክላቸው አነበብኩ። መሳቅ አማረኝ፤ አቅም ግን አልነበረኝም።

ዐርብ ጠዋት በመጨረሻ ሠራ። ወገቤ ተቆርጧል፣ ዐይኔ ይቆጠቁጠኛል፤ ደስታ እንኳ አልተሰማኝም። ራሴን የማጽናናው ከጁምዓ በኋላ በርጫ ላይ ጋደም እላለሁ እያልኩ ነበር። የእህቴ የሰዐዲያ ባል ማሒር የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ዐርብ ዐርብ አብረን ነው ጫት የምንቅመው። እስኪ የወጣውን ልየው ብዬ ከመሃል አንዱን ታሪክ ከፈትኩ።

"የአክስታችን ሐዘን ላይ ምግብ ማቅረቡ የእኔ ተራ ነበር" ይላል። "ሻርፔን ከግንባሬ እስከ አፍንጫዬ ስቤ ገባሁ። የአፎቻዬ ሴቶች ሐዘኑ ጠንቶባት ነው አሉ። እኔ የምደብቀው ያበጠ ዐይኔን ነበር። ወንድሜ ድስቱን ተሸክሞ እስከ በሩ አደረሰልኝ። ቀና ብሎ አላየኝም፤ በስልክ ያወራ ነበር። የሚያወራው ከባሌ ጋር ነው። በርጫው የት እንደሚሆን እየተነጋገሩ ነበር።"

ያን ድስት የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ወጡ ሸሚዜ ላይ ፈስሶብኝ ስነጫነጭ ትዝ ይለኛል። ሰዐዲያ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር።

ቃሏን የሰጠችበትን ቀን አየሁ። ኮምፒውተር ልጠግን ድሬ ጠያራ የሄድኩበት ቀን ነው። እኔ የሌለሁበትን ቀን መርጣ ነው የመጣችው። ይሄ ከሁሉም በላይ አመመኝ።

ስክሪፕቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ስም የለም። ግን ጀጎል ውስጥ ሰውን ማን በስሙ ያውቀዋል? አፎቻ ማለት እኮ በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱ ሴቶች ማኅበር ነው፤ በየትኛው ሐዘን ላይ ተራው የማን እንደነበረ አንዷም አትረሳም። ይህ ወረቀት ከታደለ በዚያው ቀን ማሒር ጆሮ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሰዐዲያ ላይ የሚደርሰውን ማሰብ አልፈለግሁም። እኔ ደግሞ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከስም ጋር ስታገል ከረምኩ!

ሰላማዊት ዘንድ ገባሁ።

"ይሄኛው መታተም የለበትም" አልኳት። "የአፎቻው ሴቶች ያውቋታል።"

"ስም የለውም እኮ።"

"እኔ ያለ ስም አወቅኋት።"

መነጽሯን አወለቀች። ማን ናት ብላ አልጠየቀችኝም። "እሺ፣ አውጣው" አለች። "ሌሎቹንም ቁጭ ብለን እንደገና እናያቸዋለን። አንተ ግን ስማኝ፣ አነበብኩ ብለህ ፊቷ እንዳትቆም። ያመነችን ማንም አይሰማም ብላ ነው።"

"እሺ።"

ከጁምዓ ስወጣ ማሒር ደወለ።

"አቦ የት ቀረህ? ቦታህን ይዤልሃለሁ።"

"ዛሬ አልመጣም።"

"ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?"

ልሰድበው ፈለግሁ። ብሰድበው ግን የስድቡን ዋጋ የምትከፍለው ሰዐዲያ ናት። "ሥራ አለብኝ" ብዬ ዘጋሁት።

ወደ ቤቷ በሚያስገባው ቀጭን መንገድ ወረድኩ። የምላትን አንድም ነገር አላዘጋጀሁም። አውቄያለሁ እንዳልል ቃል ገብቻለሁ፤ ደህና ነሽ ወይ እንዳልል ደህና እንዳልሆነች አውቃለሁ። በሩን አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ዐድናን።"

ሌላ ጊዜ ድምፄን ስትሰማ እየሮጠች ነበር የምትከፍተው። አሁን ከበሩ ጀርባ መጥታ ቆመች።

"ማሒር ነው የላከህ?" አለች።

"አይደለም።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ።"

ወንድሟ ነኝ፤ ማል ብላኝ አታውቅም ነበር። ከማልኩላትም በኋላ በሩን የከፈተችው ግማሹን ብቻ ነው።