ዶሮዋን አደራ

እማማ እንቁ ከነጋ ሦስት ጊዜ ወደ በር ወጥተው ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል። የልጅ ልጃቸው ቤዛዊት ፋይሏን አገላብጣ ትጨርስና እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

«ቁርስሽን ቀምሰሽ ሂጂ።»

«በልቻለሁ እኮ እማማ።»

«ሻይ ጠጥቶ በልቻለሁ ይባላል? እኔን ልትቀብሪኝ ነው!»

ቤዛዊት ጠበቃ ናት። ቢሮዋ እንጅባራ ነው፤ ዳንግላ ቀጠሮ ሲኖራት ከዋዜማው በሚኒባስ መጥታ እማማ እንቁ ዘንድ ታድራለች። ሌላ ጊዜ ስትመጣ ደስታቸው ነበር። የዛሬውን ቀጠሮ ግን ጠልተውታል። ተከሳሹ ዓለምነው ነዋ! በአጥር የሚዋሰናቸው ባለ ዳቦ ቤት፣ የእድራቸው ሰብሳቢ።

ከሳሿ ሐቢባ ናት። ስድስት ዓመት የዓለምነውን ሊጥ አቡክታለች፤ የምትኖረውም እዚያው ግቢ፣ ከሥራው ጋር በተሰጣት አንዲት ክፍል ነበር። ኅዳር ላይ እናቷ አዘና ከተማ ሞቱባትና ማልዳ ስትሄድ፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የክፍሏን ቁልፍ ለዓለምነው ሰጥታ ሄደች። በአራተኛው ቀን ስትመለስ ዕቃዋ በማዳበሪያ ታስሮ ከአጥር ውጭ ተጥሎ አገኘችው። «ሥራው በቃኝ ብላ ቁልፉን አስረክባኛለች» አለ ዓለምነው። እንጀራዋም ማደሪያዋም በአንድ ቀን ሄደ።

«ነገሩ ያለው ቁልፉ ላይ ነው» አለች ቤዛዊት ጫማዋን እያሰረች። «ርክክብ ነው ከተባለ አለቀልን። በአደራ እንደሰጠችው የሚመሰክርልን ያን ጠዋት እዚያ የነበረው ባለጋሪው አሸናፊ ብቻ ነው።»

«እሱ ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ ሐቢባ ሰው ቤት ጥግ ላይ እንደተኛች ትቀራለች።»

እማማ እንቁ ያን ዕለት ጠዋት በአጥራቸው በኩል ሁሉንም አይተዋል፤ ሰምተዋልም። ሊነግሯት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ግን ዓለምነው እድር ላይ ጠጋ ብሎ ያላቸው ይመጣባቸዋል። «እማማ እንቁ፣ ጠበቃዋን ይምከሯት እንጂ። ብቻዋን ነው በዚያ መንገድ የምትመላለሰው። ጊዜውን ደግሞ ያውቁታል።» እየሳቀ ነበር ያላቸው። ሳቁ ነው እንቅልፍ የነሳቸው።

ፍርድ ቤት ድረስ ተከትለዋት ሄዱ፤ ችሎት ግን አልገቡም። «ልቤ ቀጥ ብትልስ?» ብለው ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቆጥራሉ፤ ይሳሳታሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቤዛዊት ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ወጣች። ሐቢባ ከኋላዋ ነበረች።

«አሸናፊ አያነሳም። ለካ ከወፍጮ ቤት የዓለምነውን ዱቄት እያመላለሰ ነው። ዳኛው አሥር ደቂቃ ሰጥተውናል።»

ሐቢባ ከእማማ እንቁ አጠገብ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። «ግድ የለም፤ አላህ ያውቃል። እርስዎ የሰጡኝ እንቁላሎች ናቸው ያሳዘኑኝ፤ ክፍሌ ውስጥ ዶሮዋን ያስታቀፍኳት አሥራ ሁለቱ። ክፍሉ ባዶ ነበር ብሎ ማለ እኮ።»

«ባዶ ነበር ብሎ? ምሎ?»

«ምሎ።»

መቁጠሪያው ከእማማ እንቁ እጅ ወደቀ።

«ቤዛ፣ ነይ እስቲ ወዲህ።»

ያን ጠዋት የሰሙትንም የዓለምነውን ዛቻም ነገሯት። ቤዛዊት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ሦስት ወር ሙሉ፣ እማማ? እኔ ምስክር ፍለጋ በር ለበር ስዞር እርስዎ እዚህ…»

«ለአንቺ ብዬ ነው! ሌላ ማን አለኝ?»

«እና አሁን አልፈሩም?»

«ፈርቻለሁ። ቶሎ ጥሪኝ፣ ሳልመለስ።»

እማማ እንቁ ችሎት ሲገቡ የዓለምነው ጠበቃ ስማቸው በምስክሮች ዝርዝር የለም ብሎ ተቃወመ። ዳኛው ሌሎች ቃል ሲሰጡ እሳቸው ውጭ እንደነበሩ አረጋግጠው ፈቀዱ። እማማ እንቁ ማሉ። ዓለምነውን ላለማየት ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተከሉ።

«ቁልፉን ስትሰጠው ምን አለች?» ጠየቀች ቤዛዊት። ድምጿ እንደ ባዳ ሆነባቸው።

«‹አያ ዓለምነው፣ ዶሮዋ ከአልጋው ሥር ታቅፋለች፤ እስክመለስ ውሃዋን አደራ› ነው ያለችው።»

የዓለምነው ጠበቃ ተነሣ። «ጠበቃዋ የልጅ ልጅዎ አይደለችም?»

«ናት። ለዚያ አይደል እስከ ዛሬ አፌን የዘጋሁት?»

«እና እማማ፣ ሥራ አለመልቀቋን ያወቁት በዶሮ ነው?» ከኋላ ሰው ሳቀ።

«አንተ ልጅ፣ ቤት ለቀህ ስትሄድ የታቀፈች ዶሮ ከአልጋህ ሥር ትተህ ትሄዳለህ?»

ሳቁ አሁን ወደ እሱ ዞረ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «ዶሮዋ አሁን የት አለች?»

«እዚያው ግቢው ውስጥ። እግሯ ላይ ቀይ ክር አለ፤ እኔ ነኝ ያሰርኩላት። ጫጩቶቿ ቄብ ሆነዋል።»

ዳኛው ወደ ዓለምነው ዞሩ። «ክፍሉ ባዶ ነበር ብለው ምለዋል።»

«ዕቃ የለም ማለቴ ነው እንጂ… ዶሮ ዕቃ ነው? ሚስቴ ናት ያወጣቻት። ልጅቱስ አደራ ያለችኝ ውሃ ብቻ…»

አቆመ። ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ቁልፉ የተሰጠው በአደራ ነው፤ ሐቢባ ወደ ሥራዋም ወደ ክፍሏም ትመለስ ተባለ።

ዓለምነው ሲያልፍ ሰላም አላላቸውም። ቤዛዊት የእማማ እንቁን ክንድ ያዘች።

«ዛሬ የትም አትሄጂም» አሏት። «ነገ መናኸሪያ ድረስ እኔው እወስድሻለሁ። የሾፌሩን ስም እጠይቃለሁ፤ ታርጋውንም እጽፋለሁ።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ አትበይኝ! እንጅባራ ስትደርሺ ወዲያው ደውዪ። ኔትወርክ የለም ብትዪኝ አልሰማሽም።»

በሦስተኛው ቀን ሐቢባ ቁልፏን ይዛ መጣች። ዓርብ ለእናቷ ዱዓ ወደ አዘና ልትሄድ ነው።

«እማማ እንቁ፣ ቁልፌን እርስዎ ዘንድ ላስቀምጥ ብዬ…»

«ወዲያ! ለማንም እንዳትሰጪ፤ ለእኔም ቢሆን! አንገትሽ ላይ አስረሽ ሂጂ።»

«ዶሮዋስ?»

እማማ እንቁ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ዓለምነው ግቢ አዩ።

«ዶሮዋን ከነልጆቿ አሁኑኑ አምጪልኝ» አሉ።