ያበበው ቀርከሃ

በየካቲት ወር፣ ስለ ጨረቃ የጻፍኩትን የልጆች መጽሐፍ ይዤ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የሳይንስ መምህርቷ ብርሃነሽ ተማሪዎቿን ማንጎ ዛፍ ሥር ሰብስባ ጠበቀችኝ። አውርቼ ስጨርስ ዐርዋ የምትባል ልጅ ተነሳች። ቤቷ የሚነገረው የቤርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጠች ነው የምትናገረው።

«የኛ ቀርከሃ አበባ አወጣ። ከዚያ ሁሉም ደረቀ። አባቴ ዛሬ ያቃጥላል። እንደገና ይበቅላል?»

«ሰውዬው ከጨረቃ ወርዶ አጥር ሊያጥርልሽ ነው?» አለ ዲሳሳ የሚባል ተማሪ ከኋላ። ልጆቹ ሳቁ።

«ጨረቃ ላይ ቀርከሃ የለም። እኛ ጋ ነው ያለው» አለችው ሳትቀመጥ።

አባቷ ባቢከር ከዚያ ቀርከሃ አልጋና ወንበር እየሠራ ነው ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው። በዚያ አካባቢ ቀርከሃ በበጋ ቢቃጠልም ክረምት ሲገባ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ያበበ ቀርከሃ ግን ፍሬውን አራግፎ ከነሥሩ ይሞታል፤ የሚተካው መሬት ላይ የወደቀው ዘር ነው። እሳት ከገባ ዘሩም አብሮ ይሄዳል።

ይህንን ስነግራቸው ዐርዋ፣ «ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው የሚያቃጥለው» አለች። ብርሃነሽ ሰዓቷን አየችና ቀድማን ተነሳች። ክፍሉ በሙሉ ተከተላት።

ባቢከርን ደረቁ ቀርከሃ አጠገብ ክብሪት ይዞ አገኘነው። ዐርዋ በቤርታ ነገረችው።

«ኡስታዝ» አለኝ፣ «እኔ ይህንን ሳቃጥል ነው ያደግኩት። ሁልጊዜ ይመለሳል።»

«ልክ ነዎት። አብቦ አይተውት ያውቃሉ?»

«ይኼን አላየሁም።»

ዐርዋ ተንበርክካ ደረቁን ቅጠል ገለጠችና እንደ አጃ ቀጠን ያሉ ፍሬዎች በመዳፏ አቀረበችለት። አንዱን አንስቶ በጥርሱ ሰበረው።

«አንተስ ይኼ ሲበቅል አይተሃል?»

«አላየሁም፤ አንብቤ ነው።»

«ወላሂ፣ አልዋሸህም!» ብሎ ሳቀ። «እንግዲያው ግማሹን አቃጥላለሁ። ግማሹ የልጄ ይሁን። ክረምት ይፍረደን።»

እሳቱ እንዳይሻገር ልጆቹ መሀሉን ሰፋ አድርገው መነጠሩ። ከሁሉም በላይ ያላበው ዲሳሳ ነበር።

«አንተው አጥር ልታጥርልኝ መጣህ» አለችው ዐርዋ።

ሐምሌ ላይ ብርሃነሽ በስልኬ ፎቶ ላከችልኝ። በተቃጠለው ወገን ከአረም በቀር ምንም የለም። በዐርዋ ወገን ሣር የሚመስል ቡቃያ መሬቱን ሸፍኖታል። ዐርዋ ፍየል እንዳይገባ ዙሪያውን እሾህ ትደረድራለች፤ እሾሁን የሚያቀብላት ባቢከር ነው።