የአባቷ አዲስ ጥርስ

እና አባባ ትለዋለች፣ ሌላ ምን ብላ ትጥራው፣ በዚህ ክፍል ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ሁሉ አባባ ነው፣ አባባ አፍዎን ይክፈቱ፣ አባባ ትንሽ ቀና ይበሉ፣ ቃሉን ላገኘችው ሁሉ ስትበትነው ኖራ ለባለቤቱ ስትደርስ ባዶውን ሆኖ ይጠብቃታል፣ ቤት እያለች አባዬ ነበር የምትለው። እሱም እሺ ዶክተር ይላታል። እርስዎ እንዳሉ ይላታል፣ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሳደጋትን ልጅ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ጥርስ ነክሶባት፣ አሁን የሚነክስበት ጥርስ የለውም። ሳቋ ይመጣል፣ ጥርስ ባዳ ነው ይሉ የለ፣ በማስኩ ውስጥ ትስቃለች፣ ነርሷ ቀና ብላ ታያታለች፣ ምነው ዶክተር፣ ምንም፣ መብራቱን ዝቅ አድርጊልኝ።

እናቷ ናት በስልክ ያስጠነቀቀቻት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ስሚ፣ ሌላ ሐኪም ጋ ሞቼ ነው የምሄደው ብሏል፣ ስለ ልጅሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፣ አፉን ብቻ ሥሪ። አፉን ብቻ። ባለፈው የድዱን ልክ ስትወስድ አፉ በልክ መውሰጃው ሊጥ ተሞልቶ፣ መናገር የማይችል፣ መሄድ የማይችል፣ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ፣ ያኔ ሁሉንም ልትነግረው ትችል ነበር፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ ብቻ አለችው።

ምን ልትነግረው። ማንም አልከዳኝም ልትለው። ሰው ሁሉ ማን ከዳሽ ይላታል፣ የከዳት የለም፣ ወንጀሏም ይኸው ነው፣ ስታረግዝ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ሰውየው እንዲያውም ላግባሽ ብሎ ነበር፣ ደህና ሰው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ አልወደደችውም፣ በቃ፣ አንተን አላገባም ልጁን ግን እወልዳለሁ አለችው። ተከድታ ቢሆን ኖሮ አክስቶቿ ደረት ይመቱላት ነበር፣ ለተከዳች ሴት ይቅርታው ሞልቷል፣ ለመረጠች ሴት ነው የጠፋው። ሞተ በይ አለቻት እናቷ፣ ሞተ በይና ጥቁር ልበሺ፣ ምን ይጎዳሻል፣ በሕይወት ያለን ሰው እንዴት ልቅበር እማዬ፣ እኛንስ በቁማችን ቀብረሽን የለ።

የልጅቷን ስም ስታስመዘግብ አባት በሚለው ቦታ የራሷን አባት ስም ሰጠች። ስሜን ሰረቀችኝ አለ አሉ። መጀመሪያ አስቋት ነበር፣ በወረቀት ከልጇ ጋር እህትማማቾች ናቸው፣ ገላዋን እያጠበቻት ነይ እስቲ እህት ዓለም ትላት ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን ሳቁ ጠፋ። ሥራ ቦታ ዶክተር ናት፣ ሰፈር ውስጥ ያቺ ሴትዮ፣ አባቷ ቤት ስሟ አይነሳም፣ የቀድሞዋን ልጅ ወዴት እንዳደረጓት እንጃ፣ ፎቶዋ ከግድግዳ ወርዷል ብሏታል ወንድሟ።

የላዩን አዲስ ጥርስ ታስገባለች፣ ከዚያ የታቹን። ነከስ ያድርጉ። ጉንጩ ይሞላል፣ ከንፈሩ ቀና ይላል፣ ድንገት ያ ድሮ ከሥራ ሲመጣ ደጅ ድረስ ሮጣ የምትቀበለው ሰውዬ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፍንጭቱም አለ። ጥርስ ሠሪው ይሄ ክፍተት ስህተት ነው ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር፣ ተወው፣ እንደሱ ነው፣ አለችው፣ ፍንጭቱ ልጅቷም ላይ አለ፣ እሱ አላየውም፣ ስትስቅ አላያትም።

አሁን ይናገሩ አባባ። ምን ልናገር። የፈለጉትን፣ ሲናገሩ ነው ጥርሱ መቀመጡ የሚታወቀኝ። ነርሷን ያያል፣ ነርሷ ገብቷት ትወጣለች።

ልጅቷን አምጫት።

አንቺ አላት። አምጫት፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ልያት፣ ቀጥል አባዬ ትለዋለች፣ ስሙ እንደሆነ የኔ ነው ይላል፣ ሰው ቢጠይቅ አንስተን እያሳደግናት ነው እንላለን፣ ስሙም ሰውም ሲል ሰ ታፏጫለች፣ ጥርሱ ትንሽ መሞረድ አለበት፣ ጆሮዋ ሥራውን አይተውም፣ እናትሽም በልጅ ናፍቆት አልቃለች፣ አንቺም ገና ነሽ፣ ታገቢያለሽ፣ እህቴ በያት። አንድ ቃል ናት።

አንድ ቃል። ይታያታል፣ ልጅቷ ጉልበቱ ላይ፣ በአዲሱ ጥርስ ሲስቅላት፣ ፎቶው ወደ ግድግዳው ሲመለስ፣ እናቷ ነይ ብይ ስትላት፣ ልጅቷ ዘወር ብላ እትዬ ስትላት። እትዬ። ከረሜላ ይዛ የምትመጣ፣ ሲመሽ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብቻዋን የምትሄድ እትዬ።

እናቷ ነኝ አባዬ።

ማን አይደለሽም አለ፣ ቤት ውስጥ እናቷ ነሽ፣ በር ላይ ነው እህቷ።

እሷ እኮ በሩን አልፋ ትወጣለች አባዬ፣ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ አትኖርም።

መስታወቱን ትዘረጋለታለች፣ አያይም፣ ኮቱን ያነሳል፣ እጅጌው ይጠፋበታል፣ ልትይዝለት እጇን ትሰዳለች፣ ራሱ ያገኘዋል። እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ነገ ጠዋት በዚያ ጥርስ ዳቦ ይቆርሳል፣ ከእናቷ ጋር ይጣላል፣ ይጸልያል፣ አንድ በአንድ እያየች ያስደረደረችው ጥርስ ቀኑን ሙሉ አፉ ውስጥ ይውላል፣ ስሟ አይውልም።

ሲተኙ አውልቀው ውሃ ውስጥ ያድርጉት ትለዋለች፣ ለሁሉም የምትለውን፣ ካመመዎት ይምጡ። ራሱን ይነቀንቃል፣ በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል፣ ድሮም በር ወርውሮ አያውቅም፣ እሷም ወንበሩን ወደ ቦታው እየመለሰች፣ የሞቀውን ቆዳ በእጇ እየዳበሰች፣ ካላመመዎትም ትላለች፣ ካላመመህም