የአውራ ጣት አሻራ

ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆና «ማንን ላገናኝዎት?» ስትል ኖራ፣ ባሏ ሲሞት ግን እሷን ከሰው የሚያገናኝ ጠፋ። ልጅ አልወለዱም።

ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ስትሮክ ሲመታው ሐኪሙ «ጣቶችዎን ያሠሯቸው» ስላለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚሰበሰብ የእጅ ሥራ ቡድን ገባ። እዚያ ፖሊመር ሸክላ በሚባል ሊጥ መሰል ባለቀለም ፕላስቲክ መዳፍ የሚያህል ሥዕል እየሠሩ ፍሬም ውስጥ ያስገባሉ። ሸክላው ኦቭን ውስጥ ካልተጋገረ ለወራት እንደለሰለሰ ይቆያል። ሰውየው አንድ መስኮትና አንድ ወንበር ሠርቶ፣ ለሚስቱ ያሰበውን ሁለተኛ ወንበር ሳይጀምር አረፈ።

የወንበሩን መቀመጫ የሠራው በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ነው። የጣቱ መስመሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። ሴትዮዋ ሥራውን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ስምንት ወር አስቀመጠችው። ከፍታ ታየዋለች፤ መንካት ግን ወየውላት! ትንሽ ከነካችው አሻራው ይጠፋል። ፎቶውም ኮቱም አለ፤ ከእጁ የቀረላት ግን ይህ ብቻ ነው። መጋገር አለበት።

ስለዚህ ሁለተኛውን ወንበር ጨምራ ልታስጋግረው እሷም ቡድኑ ውስጥ ገባች። የወንበሩ እግር እየተጣመመባት ሦስት ቅዳሜ ፈጀባት። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ይስቃሉ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። እሷ ግን «የባለቤቴ ሥራ ነው» ከማለት በቀር ስለ ጣቱ ትንፍሽ አላለችም። ካወራሁ አለቅሳለሁ ብላ ፈራች።

በቡድኑ በዕድሜ ትልቋ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። «እትዬ ጥጥ» ይሏቸዋል፤ ማንኛውም ሥራ ኦቭን ከመግባቱ በፊት በአልኮል የራሰ ጥጥ ይዘው የጣት ምልክት ሲያጠፉ ይውላሉ። ለእሳቸው የጣት አሻራ ማለት ያልታጠበ ሰሃን ማለት ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ ሴትዮዋ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ትታ እጇን ልትታጠብ ወጣች። ስትመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«የኔ የት ሄደ?»

«ኦቭን ገባልሽ፣ እህቴ» አሉ እትዬ ጥጥ ደስ ብሏቸው። «ያንቺው ወንበር ንጹሕ ነው። የሱ ወንበር መቀመጫ ላይ ግን የጣት ምልክት ነበረበት። አይዞሽ፣ እንደ መስታወት አድርጌልሻለሁ!»

ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች።  እትዬ ጥጥ በደግነት ነው ያደረጉት፤ ጉድ የሠራት የራሷ ዝምታ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቤቷ ወስዳ ሰቀለችው። ሁለቱም ወንበሮች ልሙጥ ናቸው። ያን ቀን እንደገና ባል የሞተባት ያህል አለቀሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ወንበር ብቻ ሠራች። መቀመጫውን በራሷ አውራ ጣት ጫን አደረገችው። እትዬ ጥጥ ጥጣቸውን ይዘው መጡ።

«አይንኩብኝ!»

 አሮጊቷ ደንግጠው ጥጡን ኪሳቸው ከተቱ።

«እሺ እህቴ፣ እሺ። አሻራሽን ፈልገሽው ከሆነ ይቀመጥ። ለማን ልትሰጪው ነው?»

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረችው ሴት የምትጠራው አንድ ስም አጣች።